ቅጽል ስም አውጪው ማነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ይሁን እንበል። ቅጽል ስምንስ? እሱን የሚያወጣው ሰው ነው፤ ያውም ቃሉ የሚሰማለት ሰው። የአሜሪካኖቹ የቤዝቦል ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳየናል። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ቤዝቦል ኳስን በዱላ መትቶ፣ በሜዳው አራት ማዕዘን ዞሮ የመመለስ ጨዋታ ነው። በ1869 የሲንሲናቲ ከተማ ቡድን ተጫዋቾቹን ሁሉ በግልጽ በደመወዝ ቀጥሮ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው እንጀራ ሆነ፤ ጋዜጠኛውና ተመልካቹም ስም ማውጣቱን ተያያዙት። ዴንተን ያንግ የሚወረውራት ኳስ አውሎ ነፋስ ትመስላለች ተብሎ «ሳይክሎን»፣ ሲያጥርም «ሳይ» ተባለ። ዛሬ የምርጥ ወርዋሪዎች ሽልማት የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ይህስ ምርቃት ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አልታደለም።

የአየርላንድ ስደተኞች ልጅ የነበረውን ማይክ ኬሊን «ኪንግ»፣ ማለት ንጉሥ፣ ይሉት ነበር። ይህንኑ «ንጉሥ» የቺካጎ ቡድን በ1887 ለቦስተን በ10,000 ዶላር ሸጠው! ባለቤቶቹ ከ1879 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ጥቂቶቹን ኋላ ግን ሁሉንም፣ ተጫዋች በገዛ ፈቃዱ ቡድን እንዳይለውጥ የሚያስር ደንብ ነበራቸው። ዘውዱ በጋዜጣ፣ ሰውየው በገበያ! ኬሊም በ1890 ተጫዋቾች አምፀው ባቋቋሙት ሊግ ገባ፤ ሊጉ ግን ከአንድ ወቅት አላለፈም።

በሦስት ዓመቱ ታሞ መስማት የተሳነውን ዊልያም ሆይን ደግሞ «ደሚ» አሉት። ቃሉ ዱዳም ነው፣ ደደብም ነው። «ደደቡ» ግን የኦሃዮ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤትን በአንደኛነት የጨረሰ ሰው ነበር፤ በ1888፣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ 82 ጊዜ ቤዝ ሰርቆ ሊጉን መራ። በ1902 እንደሱው መስማት ከማይችለው፣ እንደሱው «ደሚ» ከተባለው ከሉተር ቴይለር ጋር በሜዳ ሲገናኙ በእጅ ቋንቋ ሰላምታ ተለዋወጡ። ሆይ ስሙን አልጣለውም፤ «ዊልያም» ብለው ሲጠሩት «ደሚ በሉኝ» ይል ነበር ይባላል። ስድቡን ወስዶ የራሱ ስም አደረገው።

የአገሬው ነባር ሕዝቦች ልጆችስ? ለእነሱ ስም መፈለግም አላስፈለገም፤ ብዙዎቹ «ቺፍ»፣ የጎሣ አለቃ፣ ተባሉ። በ1897 ለክሊቭላንድ የተጫወተውን የፔኖብስኮት ተወላጅ ሉዊስ ሶካሌክሲስን ተመልካቹ የጦርነት ጩኸት እያሰማ ያፌዝበት ነበር። በ1911 የዋንጫ ግጥሚያ ሁለት «ቺፎች» ተፋጠጡ፦ የኦጂብዌው ቻርልስ ቤንደርና የካዊላው ጆን ሜየርስ። ሕዝባቸው የተለያየ፣ ቋንቋቸው የተለያየ፤ ሜየርስማ ዳርትማውዝ ኮሌጅ የገባ ሰው ነበር። ለስም አውጪው ግን ሁሉም ያው ነው። ቤንደር ለአድናቂዎቹ ሲፈርም «ቺፍ» ብሎ ሳይሆን «ቻርሊ ቤንደር» ብሎ ነው። አንዲት ፊርማ፣ ግን ስንት ነገር ትናገራለች!

በአንጻሩ ጥቁር ካለበት ቡድን ጋር አልጫወትም እያለ ያስቸገረው የቺካጎው ኬፕ አንሰን ሲያረጅ «ፖፕ» ተባለ፤ አባባ እንደማለት ነው። ጥቁሮቹ ግን እስከ 1947 ድረስ ከትልቁ ሊግ ተዘግቶባቸው ኖሩ።

እንግዲህ ቅጽል ስም ከተሰየመው ይልቅ የሰያሚውን ዓይን ያሳየናል። የታሪክ ተማሪም «ይህ ሰው ምን ተባለ?» ብሎ ብቻ ማለፍ የለበትም፤ «ማን አለው? እሱስ ራሱን ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እኛም በየዶርሙ ለጓደኞቻችን ስንት ስም እንለጥፋለን! እስቲ ነገ አንዱን በገዛ ስሙ እንጥራውና ፊቱን እንየው።