የ94 ቢሊዮን ዶላር ቼክ

እ.ኤ.አ. በ1982 አጋማሽ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በጠቅላላ ዋጋው ከአሜሪካና ከጃፓን ቀጥሎ ሦስተኛ ነው የሚባልለት የአክሲዮን ገበያ ኩዌት ውስጥ ነበር። ያውም መንግሥት ያቋቋመው ሕጋዊው ገበያ አይደለም። አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመለት፣ በአንድ ወቅት መኪና ይቆምበት የነበረ ሕንፃ ውስጥ ደላሎች የሚገናኙበት፣ ሱቅ አል መናኽ የተባለ ገበያ ነው። ገበያው ሲወድቅ የተረፈው የወረቀት ክምር ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት አራት እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ስለ አክሲዮን ገበያ ውድቀት ሲነሳ ሁሉም ሰው ወደ 1929ኙ ኒውዮርክ ይሮጣል። እኔ ግን የኩዌቱን አስቀድማለሁ፤ ውድቀት ኢኮኖሚን እንዴት እንደሚጎዳ እንደዚህ ራቁቱን የታየበት ቦታ የለምና።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1977 ነው። በነዳጅ ገንዘብ ያበጠው ሕጋዊው የኩዌት ገበያ በዚያ ዓመት አሽቆለቆለ። መንግሥት ዜጎቹ ሲከስሩ ማየት አልፈለገምና የወለል ዋጋ አስቀምጦ አክሲዮኖቹን ራሱ ገዛ። ርኅራኄ ነበር፤ ሰዉ የወሰደው ትምህርት ግን ሌላ ነው፦ ሲወጣ የኔ፣ ሲወርድ የመንግሥት። ከዚያ አዳዲስ የኩዌት ኩባንያዎች እንዳይቋቋሙ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ገንዘቡ ወደ ጓሮ ዞረ። በባህሬንና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ተመዝግበው ባለቤቶቻቸው ኩዌታውያን የሆኑ ኩባንያዎች አክሲዮን በመናኽ መቸብቸብ ጀመረ። አንዳንዶቹ ከስማቸውና ከመመዝገቢያ ወረቀታቸው በቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ አልነበራቸውም።

የግዢው ስልት ቀላል ነበር። አንድ ሰው 100 ሺህ ዲናር የሚያወጣ አክሲዮን አየ እንበል። እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ የለም፤ ስለዚህ ለሻጩ ከዓመት በኋላ የሚመነዘር የ200 ሺህ ዲናር ቼክ ይጽፍለታል። አክሲዮኑ እስከዚያ ሦስት እጥፍ ከሆነ ሸጦ ይከፍላል፣ 100 ሺህም ይተርፈዋል። ሻጩም ቼኩን መሳቢያ ውስጥ አይከተውም። እሱን ተማምኖ የራሱን ቼክ ይጽፍና ሌላ አክሲዮን ይገዛል፤ ሲያሻውም ባንክ ወስዶ ብድር ያገኝበታል። ማዕከላዊ ባንኩ አንዲት ዲናር ሳያትም በየቀኑ አዲስ ገንዘብ ይፈጠር ነበር ማለት ነው፤ አታሚው የቼክ ደብተር የያዘ ሰው ሁሉ ነው።

ቼክ ሲቀርብ የሚከፈል ሰነድ ነው። የኩዌት ሕግ እንደዚያ ይል ነበር፣ የእኛም የንግድ ሕግ እንደዚያው ይላል። መርካቶ ውስጥ ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ ለዋስትና መያዝ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ፣ ደረቅ ቼክም ስንቱን ነጋዴ ችሎት እንዳቆመ አንባቢ አያጣውም። ኩዌት ላይ ግን ቀኑ ሳይደርስ ቼክ ይዞ ባንክ መሄድ ነውር ነበር። በሚተዋወቁ ቤተሰቦች መካከል ሰውን አላምንህም እንደ ማለት ይቆጠራል። ያ ግዙፍ ገበያ የቆመው በዚህች ይሉኝታ ላይ ነበር።

ከትልልቆቹ ተጫዋቾች ጥቂቶቹ «የመናኽ ፈረሰኞች» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። አንዱ በፓስፖርት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነው። ሁሉም ሲፈርስ የእሱ ቼኮች ብቻ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነው ተገኙ። ይህን ያህል ቼክ ከአንድ ልጅ እጅ ሲቀበሉ «ከየት ታመጣለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ከልጁ ድፍረት ይልቅ እኔን ይገርመኛል።

በኦገስት 1982 አንዳንድ ቼክ ያዢዎች ይሉኝታውን ጥሰው ክፍያ ጠየቁ። ስንቅ አልነበረም። ወሬው ሲሰማ ሁሉም ቼኩን ይዞ ወጣ፤ ሁሉም ያበደረውን ፈላጊ፣ ሁሉም የተበደረውን ሸሺ ሆነ። መንግሥት ቼኮቹ በሙሉ እንዲመዘገቡ ሲያዝ 29 ሺህ ገደማ ቼክ ቀረበ፤ ድምሩ 94 ቢሊዮን ዶላር፣ ባለቤቶቹ ወደ 6 ሺህ ሰዎች።

በእርግጥ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የተቆላለፈ ዕዳ ነው። ከበደ ለአበበ፣ አበበ ለጫላ፣ ጫላ መልሶ ለከበደ የጻፈው ቼክ ቢቻቻል ይጠፋል። ይህንኑ እንዲሠራ የኩዌት ክሊሪንግ ኩባንያ ተቋቋመ፤ የማቻቻሉ ሥራ ዓመታት ፈጀ። የከፋው ጥያቄ ግን ቼኩ ሲቻቻል በየትኛው ዋጋ ይሁን የሚለው ነበር። በተጻፈበት 200 ሺህ ነው ወይስ አክሲዮኑ ያኔ ባወጣው 100 ሺህ? አበዳሪና ተበዳሪ፣ ፓርላማና ካቢኔ በዚህ ተናቆሩ። ገበያው ራሱ ይክሰር፣ መንግሥት እጁን አያስገባ ሲሉ የነበሩት የገንዘብ ሚኒስትሩ አብዱልላጢፍ አል ሐማድ በ1983 ሥራቸውን ለቀቁ። ለ«አነስተኛ ባለሀብቶች» የ500 ሚሊዮን ዲናር ካሳ ተመደበ፤ አነስተኛ የተባለው እስከ 2 ሚሊዮን ዲናር የሚጠይቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ኒውዮርክ እንመለስ። በ1929 አሜሪካዊው ከአክሲዮኑ ዋጋ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ አስይዞ ቀሪውን ከደላላው ተበድሮ ይገዛ ነበር፤ የደላሎች ብድር በዚያ ኦክቶበር 8.5 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ዋጋ ሲወርድ ደላላው ተጨማሪ ማስያዣ ይጠይቃል፣ የሌለው ይሸጣል፣ ሽያጩ ዋጋውን ደግሞ ያወርዳል። የዳው ጆንስ መለኪያ ከ381 ተነሥቶ በጁላይ 1932 41 ላይ ወደቀ፤ የቀድሞ ቦታው የተመለሰው በ1954 ነው። ታላቁን ድቀት ያመጣው ይህ ነው ወይስ ተከትሎ የመጣው የባንኮች መዘጋት በሚለው ኢኮኖሚስቶች ዛሬም አልተስማሙም። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ባንኮች የቁጠባ ደብተር ይዘው ባይጠፉ ኖሮ 1929 የሀብታሞች ሐዘን ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ማስረጃዬ ኦክቶበር 19 ቀን 1987 ነው። ያን ሰኞ ዳው ጆንስ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወረደ፤ በ1929 እንኳ እንዲህ ያለ ቀን አልታየም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በማግስቱ ለባንኮች ገንዘብ እንደማይነፍግ አስታወቀ፣ ውድቀቱ የባንኮች መዘጋት አላስከተለም፣ ኢኮኖሚው ማደጉን ቀጠለ፣ ዋጋውም በሁለት ዓመት ውስጥ ተመለሰ። የ2000ው የኢንተርኔት ኩባንያዎች ውድቀትም ናዝዳክን 78 በመቶ ያህል አራቁቶ ያስከተለው የኢኮኖሚ መቀዝቀዝ ለዘብ ያለ ነበር። ጃፓን በተቃራኒው ባንኮቿ መሬትን መያዣ አድርገው ባበደሩት ገንዘብ አብጣ ስለነበር፣ የኒኬይ መለኪያ በ1989 መጨረሻ የነበረበትን ጣሪያ ያለፈው በ2024 ነው።

የእኛ የቀድሞው ገበያ ለመውደቅ እንኳ ዕድል አላገኘም። በ1965 በብሔራዊ ባንክ ሥር የተጀመረው የአክሲዮን ግብይት ቡድን ደርግ መጥቶ ባንኩንም ፋብሪካውንም ሲወርስ አብሮ ጠፋ። በጃንዋሪ 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ሲጀምር የብዙ ሰው ጥያቄ ዋጋው ይወጣል ወይ የሚል ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አክሲዮን አስይዞ መበደር፣ ተበድሮም አክሲዮን መግዛት የሚለመድበት ጊዜ ነው።

ኩዌት ከመናኽ ቶሎ አልወጣችም። የቼኩ ዕዳ ወደ ባንኮቹ ዞሮ፣ ከብሔራዊ ባንክ ኦፍ ኩዌት በቀር ሌሎቹ ሁሉ ሒሳባቸው በትክክል ቢሠራ የከሰሩ ነበሩ፤ ያቆማቸው የመንግሥት ድጋፍ ነው። በ1985 የፍትሕ ሚኒስትሩ ከመናኽ ካሳ ጋር በተያያዘ በፓርላማ ተወጥረው ሥልጣን ለቀቁ፤ በማግስቱ ዓመት አሚሩ ፓርላማውን ራሱን በተኑት፣ ከምክንያቶቹ አንዱም ይኸው ጣጣ ነበር። ከዚያ የኢራቅ ወረራ መጣ። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ መንግሥት የባንኮቹን የተበላሸ ብድር ጠቅልሎ ገዛና በምትኩ ቦንድ ሰጣቸው። አንዳንዱ ተበዳሪ የመናኽን ዕዳ ሲከፍል የተገኘው ከዚያም በኋላ ነው፤ አበዳሪው ግን አሁን መንግሥት ነበር።