ቁርጭምጭሚቱ ታሰረ፤ ጭንቀቱስ?

በ1905 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የፉትቦል ሜዳዎች ቢያንስ 18 ወጣቶች ሞቱ። ፉትቦል ይባል እንጂ ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ ያኔ ደግሞ ያለ በቂ መከላከያ የሚላተሙበት ጨዋታ ነው። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድ፣ የዬልና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎችን ሰዎች ዋይት ሀውስ ጠርተው ጨዋታውን እንዲያርሙት ነገሯቸው። በቀጣዩ ዓመት የተቋቋመው ማኅበር ዛሬ ኤንሲኤኤ በሚል ስም የኮሌጅ ስፖርትን ይመራል። ጭንቅላቱ ስለተፈነከተው ልጅ ብዙ ተባለ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ስላለው ግን የጠየቀ አልነበረም።

ኋላ የጠየቁት ኮልማን ግሪፊዝ ናቸው። የሥነ ልቦና መምህሩ በ1925 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የስፖርተኞችን አእምሮና ባሕርይ የሚያጠና ቤተ ሙከራ ከፈቱ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ኮከብ ሬድ ግሬንጅ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ላይ በ12 ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ አስቆጥሮ ነበር። ግሪፊዝ ሲያነጋግሩት ልጁ ስለዚያ ቀን ጨዋታ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላስታወሰም። የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲውን የፉትቦል አሠልጣኝ ክኑት ሮክኒንም በደብዳቤ ጠየቋቸው። እኒያ በንግግራቸው የሚታወቁ አሠልጣኝ፣ ተጫዋቾቼን ሆን ብዬ አላጋግላቸውም የሚል መልስ ሰጡ።

እውነቱን ለመናገር፣ ግሪፊዝን ይበልጥ ያሳሰባቸው ልጁ ሌሊት ይተኛል ወይ ሳይሆን ቅዳሜ፣ በጨዋታው ቀን፣ ያሸንፋል ወይ የሚለው ነበር። ይህ ጥናትም ቢሆን አልዘለቀም። ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ቤተ ሙከራው በ1932 ተዘጋ።

የአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ የጎረቤት ልጅ ታሪክ ነው። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1978፣ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በ81 ቀናት ውስጥ የ5 ሺህ፣ የ3 ሺህ መሰናክል፣ የ10 ሺህና የ3 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰባበረ። አገሩ ግን ከ1976ቱም ከ1980ውም ኦሎምፒክ ቀርታለች፤ ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ ሮኖ ሜዳው ላይ አልነበረም። ከቤተሰቡ ርቆ በሚኖርባት አሜሪካ መጠጥ ያዘው። ሩጫው ካበቃ በኋላ ቤት አልባ ሆኖ የኖረበት፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የተሸከመበት ጊዜ አለ። ኋላ ግን መጠጡን ተወ፤ በአሜሪካዋ አልበከርኪ ከተማ አስተማረ፣ አሠለጠነ፣ የሕይወት ታሪኩንም ጻፈ። በ2024 አረፈ። እግሩ እስከሮጠለት ድረስ ልቡን ያየለት ብዙ ሰው አልነበረም።

በ1986 ደግሞ ጉዳዩ በአደባባይ ፈነዳ። በኢንዲያናፖሊስ የኮሌጆች ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ውድድር ላይ፣ የርቀቱን የኮሌጅ ክብረ ወሰን የያዘች አንዲት ሯጭ መሮጫውን ለቃ ከስታዲየም ወጣች፤ ራሷንም ለማጥፋት ሞከረች። ሕይወቷ ተረፈ፤ እግሮቿ ግን ከዚያ በኋላ አልታዘዙላትም። በትምህርቷም ጎበዝ፣ ሁሉም የሚያመሰግናት ልጅ ነበረች። ጋዜጦች ለሳምንታት ጻፉ፤ ሕግ ግን አልወጣም።

የኤንሲኤኤ የመጀመሪያው ዋና የሕክምና ኃላፊ፣ ዶክተር ብራያን ሄይንላይን፣ ሥራ የጀመሩት በ2013 ነው። ማኅበሩ ከተመሠረተ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል ማለት ነው፤ ለቁርጭምጭሚት ፋሻ ያን ያህል አልተጠበቀም። የአእምሮ ጤና መመሪያው በ2016 ወጣ። በ2022 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የእግር ኳስ ግብ ጠባቂ ኬቲ ሜየር፣ ቡድኗን በ2019 ለሻምፒዮንነት ያበቃችው ልጅ፣ ራሷን ስታጠፋ ጥያቄው እንደገና ተነሣ። ከኦገስት 2024 ጀምሮ በኤንሲኤኤ ከፍተኛ ደረጃ፣ በመጀመሪያ ዲቪዚዮን፣ የሚወዳደሩ ኮሌጆች በተሻሻለው መመሪያ መሠረት የአእምሮ ጤና አገልግሎት የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

አሜሪካ ኮሌጅ የሚሮጥ ወይም የሚጫወት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ለልጃችሁ ንገሩት፤ ስለ ጉልበቱ ሐኪም እንደሚጠይቅ ሁሉ ስለ ጭንቀቱም ይጠይቅ። ለክፉ ቀን ደግሞ በዚያ አገር 988 የሚባለው የስልክ መስመር ቀንና ሌሊት ይሠራል።