የውሻና የድመት የቆዳ በሽታ፦ ከእከክና ከጭርት ታሪክ የምንቀስመው ትምህርት

የውሻና የድመት የቆዳ በሽታ በሐኪሞች መጽሔት ውስጥ ምን ቦታ አለው የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። እከክና ጭርት የሚታወቁበት ዘዴም ሆነ የሚፈወሱበት መድኃኒት በሰውና በእንስሳት ሕክምና መካከል ሲመላለስ የኖረ በመሆኑ ጉዳዩ ሁለቱንም ሙያዎች ይመለከታል። እንደ ሀና ማርያም ባሉ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ሰፈሮች ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ድመት አይጥ ታድናለች፣ ሕፃናትም ከሁለቱ ጋር ይጫወታሉ። የልጅ ገላ ሲያሳክክ ወይም ራሱ ላይ ጭርት ሲወጣ እንስሳው ቶሎ ይጠረጠራል። ጥርጣሬው መቼ ትክክል፣ መቼ ስሕተት እንደሚሆን ታሪኩ ያስረዳል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በአገራችን የውሻና የድመት ሕክምና ዘግይቶ ትኩረት ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1888 ጀምሮ የተዛመተው የደስታ በሽታ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን» በመባል የሚታወቀውን ረኀብ አስከትሏል። የእንስሳት ሕክምና ከዚያ ወዲህ ቀዳሚ ትኩረቱ ከብት መሆኑ የሚጠበቅ ነበር። በ1964 በደብረ ዘይት የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋምም፣ በ1979 በዚያው ከተማ የተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም የታነጹት በዚህ መሠረት ላይ ነው። ውሻ በበኩሉ ወደ ጤና መዛግብት የገባው በአመዛኙ የእብድ ውሻ በሽታ አስተላላፊ ተብሎ ነው። በሽተኛ ሆኖ የታየው ከዚያ በኋላ ነው።

የእከክ መንስኤ የታወቀው በመርፌ ጫፍ ነው። በ1687 ጣሊያናውያኑ ቦኖሞና ቼስቶኒ ከእከክ በሽተኛ ቆዳ ጥቃቅን ተባይ አውጥተው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ እከክ የደም መበከል ውጤት ነው ማለታቸውን አልተዉም። የኮርሲካ ተወላጁ ተማሪ ሬኑቺ በ1834 በፓሪሱ ሴን ሉዊ ሆስፒታል ተባዩን በመርፌ አውጥቶ ሲያሳይ ክርክሩ ተዘጋ። ዘዴውን የተማረው ከአገሩ ሴቶች ነበር። ዛሬም የእንስሳት ሐኪም የውሻን ቆዳ ፍቆ በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው በዚሁ መርሕ ነው። ሆኖም የእከክ ተባይ በፍቅፋቂው ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። በ1842 ጉስታቭ ሲሞን የገለጸው የፀጉር ሥር ተባይ የሆነው ዴሞዴክስ ደግሞ የውሻን ፀጉር ቢያረግፍም ከውሻ ወደ ሰው አይተላለፍም።

የጭርትን መንስኤ ፈንገስነት ከ1841 ጀምሮ በፓሪስ ያብራራው ዴቪድ ግሩቢ ነው። በ1925 የዉድ መብራት ለጭርት ምርመራ ሲውል፣ የድመት ጭርት ዋና መንስኤ የሆነው ማይክሮስፖረም ካኒስ ብዙ ጊዜ በአረንጓዴ ብርሃን ሲያበራ ታየ። መሣሪያው ግን በአገራችን ልጆች ላይ ብዙም አይረዳም። በኢትዮጵያ የራስ ጭርትን በብዛት የሚያስከትለው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም በመብራቱ ሥር አያበራም፤ የሚተላለፈውም ከሰው ወደ ሰው ነው። ስለዚህ ድመቷ ብትባረርም ማበጠሪያና ባርኔጣ የሚጋሩ እኅትማማቾችና ወንድማማቾች እስካልተመረመሩ ድረስ ጭርቱ ይመለሳል።

እከክም ተመሳሳይ ነው። በ2015ና 2016 በድርቅ በተጎዱ የአማራ ክልል ወረዳዎች የተስፋፋው እከክ የሰው እከክ ነበር። የውሻው እከክ ሰውን ለጊዜው ያሳክካል እንጂ ተባዩ በሰው ቆዳ ላይ ዘሩን ማቆየት ስለማይችል ውሻው ሲታከም የሰውየውም ማሳከክ ይጠፋል።

በሕክምናው በኩል ከእንስሳት የተቀበልነው ብዙ ነው። በ1939 የተገኘው ግሪሲዮፉልቪን በ1958 በመጀመሪያ በጊኒ ፒጎች ጭርት ላይ ተፈትኖ ከዚያ ለሰው ተሰጠ። አይቨርሜክቲን በ1981 ለእንስሳት ለገበያ ቀረበ፤ ከ1987 ወዲህ ለሰው የዓይን መታወር በሽታ፣ ለኦንኮሰርካ፣ በነጻ መታደል ጀመረ፤ በአገራችንም ከ2001 ጀምሮ በካፋና ሸካ አካባቢ ተሰጠ። በኋላም ለእከክ አገልግሏል። ግኝቱ ለኦሙራና ለካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል።

ሆኖም መድኃኒት ከአንዱ ፍጡር ወደ ሌላው የሚሻገረው በጥንቃቄ ነው። ለሰው እከክ የሚቀባው ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላል፤ የድመት ጉበት መርዙን ማስወገድ ያቅተዋልና። ኮሊና ዝርያዎቹ የሆኑ ውሾች በተፈጥሮ ባላቸው የዘር ልዩነት ምክንያት አይቨርሜክቲንን በብዛት ሲወስዱ ነርቫቸው ይመረዛል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትም እንስሳው ሲልሰው መርዝ ይሆንበታል።

እንግዲህ በቆዳ በሽታ የሚመጣ ታካሚ ሲያጋጥመን በቤቱ ሌላ የሚያሳክከው ሰው መኖሩን፣ ቀጥሎም ፀጉሩ የረገፈ ውሻ ወይም ድመት እንዳለ እንጠይቅ። ሰዎቹን እኛ እንመርምር፤ እንስሳውን ለእንስሳት ሐኪም እንላክ። ከቤት ያለውን ቅባት ለድመቷ እንዳይቀቡም አስቀድመን እንንገራቸው።