የሚኒስትሩ መልስና የፎገራ ጥያቄ



በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ነበሩ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ሚኒስትሮቹ ግን ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ እንደሆነ ቀረ። የሚኒስትሮች ምክር ቤትን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ያደረገው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ስለዚህ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ስለ ወጪና ስለ ሥራ ዕድል ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም።

ይሁንና የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር መሆኑን የሰማ የወረታ ወጣት «ለእኔ ምን ደረሰኝ?» ቢል፣ ሙሉውን መልስ ከአዲስ አበባ አያገኝም። በከተማው ያለው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የፌዴራል ተቋም ነው፤ የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የግብርና ሠራተኛው ደመወዝ ግን በወረዳው በኩል ይከፈላል። ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ይከፋፈላል፤ ክልሉም በተራው ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ይመድባል። ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ ደመወዝ ይወስዳል። አንድ ሰው በተቀጠረ ቁጥር ሥራ ማስኬጃው ይሳሳል፤ ሥራ ማስኬጃው ሲጨመር ደግሞ አንድ የሥራ መደብ ክፍት ሆኖ ይከርማል። በፎገራ ወጪና ሥራ ሁለት ሳይሆኑ አንድ ጥያቄ ናቸው።

ተማሪዎቼን ወደ ወረዳ መዝገብ ቤት የምልከው ለዚህ ነው። የሚኒስትሩን መልስ ከወረዳው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ጋር አስተያይቶ የማያነብ የታሪክ ሰው፣ ድምሩን ያገኛል እንጂ ሰውን አያገኝም።