ስለ መስመር ፍጻሜ

በጽሕፈት ሥራ ከሚታየው ምልክት ይልቅ የማይታየው ብርቱ ነገር የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ይህም እውነት መሆኑን በአሰላ ከሆነው ነገር አስረዳለሁ፤ የምጠቅሰውም ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለች፣ የስንዴና የገብስ አገር ከተማ ናት። ማዳበሪያን ለገበሬ በብድር መስጠት በዚያ አገር የተስፋፋው፣ በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥት ስምምነት ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ከተቋቋመ ወዲህ ነው። ቀድሞ በመዝገብ ይጻፍ የነበረው የገበሬ ስም ዛሬ በኮምፒውተር ይጻፋል። በአንድ ክረምት መግቢያ የአንድ ማኅበር የስም ዝርዝር፣ በየመስመሩ አንድ ስም ሆኖ፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ተዛወረ። ገበሬው ደረሰኙን ይዞ ሲቀርብ ስሙ በስክሪኑ ላይ ይነበባል፤ ዳሩ ግን መሣሪያው ሲፈልገው «አልተገኘም» ይላል። ዝናቡ ወርዶ፣ መሬቱ ታርሶ ሳለ ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የሚያስገርመው፣ ስሙ የተገኘለት በዝርዝሩ መጨረሻ የተጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔም በዚያ ነበርሁና፣ የኮምፒውተር ዐዋቂው ጎልማሳ ምክንያቱን በነገረኝ ጊዜ የቅኔው ትምህርት ትዝ አለኝ።

በቅኔ አንዱ መስመር ቤት ይባላል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት፣ መወድስ ስምንት ቤት አለው። ቤቱ መፈጸሙም የሚታወቀው በመጨረሻው ፊደል ነው። በብራና ግን ጸሐፊው ቦታ ሲያልቅበት ቃሉን ከመካከሉ ከፍሎ ወደ ታች ይወርዳል። ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ፣ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው አራት ነጥብ ነውና አንባቢው አይሳሳትም። ስለዚህ ለአባቶቻችን የመስመር መጨረሻ የዐምዱ ጠርዝ እንጂ የቃሉ ፍጻሜ አልነበረም።

የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ግን መስመር መፈጸም ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ሥራውም ሁለት ነው፤ አንዱ ወረቀቱን የተሸከመውን ክፍል ወደ መስመሩ መጀመሪያ መመለስ፣ ሁለተኛው ወረቀቱን አንድ መስመር ማሳለፍ። ጽሑፍን በሽቦ የሚልከው መኪናም ይህንኑ ወረሰ፤ ዶናልድ መሪ በ1901 ገደማ ለሁለቱ ሥራ ሁለት ምልክት ለየላቸው። በ1963 አሜሪካኖች ለፊደሎቻቸው ቍጥር ሲመድቡ «ተመለስ» ለሚለው 13ን፣ «ውረድ» ለሚለው 10ን ሰጡ።

በኮምፒውተር ውስጥ የሚመለስ ጋሪ፣ የሚወርድም ወረቀት የለምና አንድ ምልክት በበቃ ነበር። ስለዚህ በ1969 የተጀመረው ዩኒክስ፣ በ1991 የመጣው ሊኑክስም፣ 10ን ብቻ ያዙ። በ1981 የወጣው ዶስ፣ ተከታዩ ዊንዶውስም፣ የቀደመውን ልማድ ጠብቀው 13ን ከ10 ጋር ይጽፋሉ። የቀድሞው ማኪንቶሽ ደግሞ 13ን ብቻ ይዞ ቆይቶ፣ በ2001 ከወጣው አዲሱ ሥርዓቱ ጋር ወደ 10 ዞረ።

እንግዲህ የአሰላው ምሥጢር ይህ ነው። ዝርዝሩ በዊንዶውስ ተጽፎ በሊኑክስ ተነበበ። ፕሮግራሙ መስመሩን በ10 ሲቆርጥ 13 ከስሙ ጅራት ተጣብቆ ቀረ። ለምሳሌ ቶላ የሚለው ስም ለዓይን ሁለት ፊደል ነው፤ ለመሣሪያው ግን ሦስት ሆነ፤ ሁለትና ሦስትም እኩል አይደሉምና «አልተገኘም» አለ። የመጨረሻው ሰው የተገኘው ከስሙ በኋላ የመስመር መዝጊያ ስላልተጻፈ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ፕሮግራሙ ስምን ከስም ከማነጻጸሩ አስቀድሞ በመስመሩ መጨረሻ 13ም ሆነ 10 ቢያገኝ እንዲያራግፍ ታዘዘ፤ ስሞቹም ሁሉ ተገኙ። ከገበሬዎቹ አንዳንዶቹ ግን እስከዚያ ያለ ማዳበሪያ ዘርተው ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ነገር ስሕተት የጻፈ ጸሐፊ የለም፤ እያንዳንዱ በየሥርዓቱ በትክክል ጽፏል። ጥፋቱ የሌላውን ልማድ ሳይመረምሩ መቀበል ነው። ከሌላ ደብር የመጣ መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው አስቀድሞ የጸሐፊውን ምልክት ያጠናል። የሰው ስም ያለበትን መዝገብ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የሚያዛውርም እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል፤ ለእኛ ያልታየን አንድ ምልክት ለገበሬው የአንድ ዓመት እህል ነውና።