የዳነ ሰው ለታመመ ወንድሙ

የአእምሮ ሕመም ሕክምና ታሪክ ሲነገር የሚቀድመው የሐኪሞች ስም ነው። ነገር ግን ታመው የዳኑ ሰዎች የፈጸሙት ሥራም ሊዘነጋ አይገባውም።

በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በቢሴትር ሆስፒታል ዣን ባቲስት ፑሳን የሚባል ቆዳ ፋቂ በአንገት ዕጢ ሕመም ታክሞ ከዳነ በኋላ እዚያው ተቀጠረ፤ ቈይቶም የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ኀላፊ ሆነ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1793 ዓ.ም. ሐኪሙ ፊሊፕ ፒኔል ወደዚያ በተሾመ ጊዜ፣ ፑሳን ሕሙማኑን ያለ ድብደባ ሲያስተዳድር አገኘውና ከእርሱ ተማረ። አስታማሚዎቹም የሚመረጡት ከዳኑት ሕሙማን መካከል ነበር፤ መከራውን የቀመሰ ሰው በሌላው ላይ አይጨክንምና። በ1797 ዓ.ም. የብረቱን ሰንሰለት ያስፈታው፣ ብዙዎች እንደሚያወሩት ፒኔል ሳይሆን፣ ይኸው ፑሳን ነው።

በአሜሪካም ክሊፎርድ ቢርስ ታሞ ሳለ በየሆስፒታሉ ያየውን ግፍ በ1908 ዓ.ም. በመጽሐፍ ገለጠ፤ በማግሥቱም ዓመት ለአእምሮ ጤና የሚሠራ ብሔራዊ ኮሚቴ እንዲቋቋም አደረገ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የጆርጂያ ግዛት ከሕመሙ ያገገሙ ሰዎች ለሌሎች ለሚሰጡት እርዳታ ከመንግሥት የሕክምና መድን ገንዘብ እንዲከፈል ፈቀደ።

ዛሬ ይህ እርዳታ በስልክና በኮምፒውተር ጭምር ይሰጣል። መሣሪያው ሩቁን ያቀርባል፤ ቀጠሮንም ያስታውሳል። የሕመምተኛው ምስጢር ካልተጠበቀ ግን ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ደግሞም «እኔም በዚህ መንገድ አልፌአለሁ» ብሎ በእውነት ሊናገር የሚችል ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁሉ አስቀድሞ ሰውን ይምረጥ፤ ለሥራውም ተገቢውን ደመወዝ ይክፈል።