ቀይ ባንዲራና የገጠር ጎዳና



በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣውን በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የመንገድ መኪና የአዲስ አበባ ሰው «የሰርኪስ ባቡር» እያለ እስከ ዛሬ ያነሣዋል። ይህ መኪና ሐዲድ የማይሻ፥ እግረኛና በቅሎ በሚሄዱበት መንገድ ላይ የሚጓዝ ከባድ ብረት ነበረ። እንዲህ ያለው መኪና ከሌላው መንገደኛ ጋር በአንድ ጎዳና ይሂድ ወይስ አይሂድ የሚለው ጥያቄ ግን በእንግሊዝ አገር ቀደም ብሎ ብዙ ዘመን አከራክሯል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ክርክር ነው፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

በ1831 ዓ.ም. ጎልድስወርዚ ገርኒ የተባለው መሐንዲስ የሠራቸው የእንፋሎት ሠረገላዎች በግሎስተርና በቼልተንሃም ከተሞች መካከል ሰው ማመላለስ ጀመሩ። ወዲያው የመንገድ ኬላዎች በፈረስ ሠረገላ ላይ ከሚጣለው እጅግ የበለጠ ቀረጥ ይጠየቅባቸው ጀመር፤ በጎዳናው ላይም ድንጋይ ተከምሮ ተገኘ። አገልግሎቱ ጥቂት ወራት ሠርቶ ቆመ። የፓርላማው አጣሪ ኮሚቴ በዚያው ዓመት ሠረገላዎቹ መንገድን ከፈረስ ኮቴ አብልጠው አይጎዱም ብሎ ቢመሰክርም ምስክርነቱ አላዳናቸውም።

ከዚያ በኋላ ገበሬዎች ማረሻና መውቂያ የሚስብ የእንፋሎት መኪና ያዙ። የመኪናው ቦታ እርሻ ነው፤ ሆኖም አንዱን አዝመራ ወቅቶ ወደ ሌላው ለመሻገር በሕዝብ ጎዳና ማለፍ ግድ ይሆንበታል። በዚያን ጊዜ ፈረስ ይደነብራል፥ ድልድይ ይንቀጠቀጣል፥ ጠጠር የፈሰሰበት መንገድም በብረት መንኰራኵር ይታረሳል። የተበላሸውን የሚያስጠግነው ግን ባለመኪናው ሳይሆን ግብር ከፋዩ የአጥቢያው ሕዝብ ነበረ። ብዙዎች በኋላ የወጣውን ሕግ የባቡር ኩባንያዎችና የፈረስ ሠረገላ ባለቤቶች ተንኰል ብቻ አድርገው ይተርኩታል። የእነዚህ ጥቅም በነገሩ ውስጥ መግባቱ አይካድም፤ ነገር ግን ሰው ላበላሸው መንገድ ዕዳ ክፈል የተባለውን ባላገር እንደ ሥልጣኔ ጠላት መቍጠር ፍርድ ማጓደል ይመስለኛል።

የ1861 ዓ.ም. ሕግ የመኪናውን ክብደት ከ12 ቶን እንዳይበልጥ፥ ፍጥነቱንም በገጠር በሰዓት 10 ማይል፥ ይኸውም 16 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሆን ወሰነ። የ1865ቱ ከዚህ እጅግ የጠነከረ ነበረ። በገጠር 4 ማይል፥ በከተማ 2 ማይል ብቻ ተፈቀደ። ቢያንስ 3 ሰዎች እንዲያጅቡት፥ ከነዚህም አንዱ ቀይ ባንዲራ ይዞ በ60 ያርድ ርቀት፥ ማለትም በ55 ሜትር ያህል ፊት ፊት በእግሩ እንዲሄድ ታዘዘ። ፊሽካ መንፋት ፈጽሞ ተከለከለ፤ ባለፈረስ እጁን ካነሣ መኪናው ወዲያው መቆም ነበረበት። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በ1869 ዓ.ም. በአየርላንድ ሜሪ ዋርድ የተባለችው የሥነ ፍጥረት ተመራማሪ ከእንፋሎት ሠረገላ ወድቃ በመንኰራኵሩ ተጨፍልቃ ሞታለች።

የእኔን ሚዛን የሚደፋው የ1878ቱ ማሻሻያ ነው። በአገሪቱ ሁሉ ላይ ተጥሎ የነበረውን የባንዲራ ግዴታ አነሣ፥ የቀዳሚውንም እግረኛ ርቀት ወደ 20 ያርድ አሳጠረ፥ የመንኰራኵሩን ጥርስ ውፍረት ለካ። ከሁሉ ይልቅ፥ ከልክ ያለፈ ጭነት በመንገድ ላይ ያደረሰውን ጉዳት አድራሹ ራሱ እንዲከፍል አደረገ። የክርክሩ እምብርት ይህ ነበረ።

ስሕተቱ ሌላ ነው። ለከባዱ የእርሻ መኪና የተሰፋው ሕግ ቀላሉን አውቶሞቢልም አለበሰው። በ1896 ዓ.ም. ከ3 ቶን በታች የሆነው ተለይቶ ነፃ ወጣ፤ ሕጉ እስከ 14 ማይል ቢፈቅድም የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ወደ 12 አወረደው። ኅዳር 14 ቀን ባለመኪናዎች ከሎንዶን ወደ ብራይተን ሲነሡ በደስታ ቀይ ባንዲራ ቀደዱ፤ ባንዲራው ከ18 ዓመት በፊት በአገር አቀፍ ሕግ የቀረ መሆኑን ያስታወሰ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

የእርሻ መኪናው ግን ከጎዳናው አልወጣም። እንፋሎቱን በትራክተር ለውጦ በዚያው አገር ከአውቶሞቢል ጋር ይሄዳል፤ በሰዓት 20 ማይል የነበረው የፍጥነት ወሰኑም በ2015 ዓ.ም. ወደ 25 ከፍ ተደርጎለታል።